ለእንግሊዝ ልጆች የተደረገ ዱአ

የእንግሊዝን ታሪክ ሁለት ጊዜ ነው የተማርኩት። አንዴ ከዚራ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ጃንጥላውን በር ላይ ሰቅሎ ከሚገባ ህንዳዊ መምህር። ሁለተኛ በማግስቱ ጠዋት፣ በጨርቅ ፋብሪካ ማጠፊያ ክፍል ውስጥ፣ እኔው ራሴ አስተማሪ ሆኜ። እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ሁለተኛው ነው።

ጣሊያን ወጥቶ፣ እንግሊዝም ተከትሎት ሄዶ፣ ድሬ ዳዋ ወደ ባቡሯና ወደ ንግዷ ተመልሳ ነበር። እኔ ጠዋት እሠራለሁ፣ ከሰዓት እማራለሁ። ሥራዬ እንከን ማየት ነው። አቡጀዲዱ ከሽመና ክፍል በጣቃ በጣቃ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ እኛ ሴቶች በረጅሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመን እንዘረጋዋለን። የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳሳ ቦታ ካለ በጠመኔ ከበብ አድርገን፣ አጥፈን እናሳልፋለን። የሽመና ክፍሎቹ ሠራተኞች ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ መንገድ ላይም እየጮኹ ነው የሚያወሩት። የእኛ ክፍል ግን በግንብ የተለየ ስለሆነ ወሬ ይሰማበታል። ወሬ በሚሰማበት ቦታ ደግሞ የድሬ ሴት ዝም ብላ ጨርቅ አታጥፍም። አንዱ ወሬ በኦሮምኛ ይጀመርና በሶማልኛ ዞሮ በአማርኛ ያልቃል፤ ማንም «ምን አልሽ?» አይልም።

ከጠረጴዛው ራስ የምትቆመው ከሁላችንም ትልቋ ናት። ኦሮሞ ናት፤ ለትልቅ ሴት እንደሚባለው «አዴ» እንላታለን። እኛ አገር አንቱታ ብዙም አይሠራም። «አንቺ» እያልናት እናከብራታለን፤ ስትቆጣን ደግሞ ማንም ቀና ብሎ አያያትም። ከእኔ ጎን የምትቆመው ሶማሌ ናት፤ እኩያዬ። እሷ እኔን «አባዮ» ትለኛለች፣ እኔም እሷን «አባዮ» እላታለሁ፤ እህቴ እንደማለት ነው። አማርኛዋ ትንሽ ነበር፣ ሳቋ ግን ብዙ።

አባዮ ወልዳ አርባ ቀኗ እንዳለቀ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ባሏ የጭነት መኪና ላይ ሲሠራ እግሩ ተጎድቶ ቤት ተኝቷል፤ ቤቱ የቆመው በእሷ ነው። ልጁን አማቷ ረፋድ ላይ አዝላ ከመጋላ ሰፈር ድረስ ታመጣና ከፋብሪካው በር ውጪ፣ ግንቡ ጥላ ሥር ትቀመጣለች። ፈረቃ ሳያልቅ ከበር መውጣት ክልክል ነው። ሕፃን ማስገባትም ማሽኑ ስላለ ክልክል ነው። ልጁ ያለቅሳል። የእኛ ክፍል መስኮት በዚያ በኩል ስለሆነ እንሰማዋለን። ልጅ ካላለቀሰ ጡት አይሰጠውም ይባላል፤ ይሄኛው አልቅሶም አላገኘም።

እሷ ድምፁን ስትሰማ ወተቷ ይወርዳል። ጡቷን በሻሽ ትጠቀልለዋለች፣ በነጠላ ትደርብበታለች፤ ወተቱ አልፎ አቡጀዲዱ ላይ ይንጠባጠባል። ወተት ጨርቅ ላይ ሲደርቅ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፤ ይህም እንከን ነው። እኛ ለማሳለፍ እንሞክራለን፣ የክፍላችን አለቃ፣ ካቦው፣ ግን ያያል። ካቦው ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር፤ ፈሪ አለቃ ደግሞ ከክፉው ይብሳል።

«ሌላ ጣቃ ካበላሸሽ አቦ፣ እኔም አላድንሽም» አላት አንድ ቀን። «ትወጫለሽ።»

ልጇን ብትመርጥ እንጀራዋ ይሄዳል፤ እንጀራዋን ብትመርጥ ልጇ። ልጁ እየከሳ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም ጎንበስ ብለን እናጥፋለን።

መምህሩ ስለ እንግሊዝ ፋብሪካዎች ማስተማር የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። እኔ እንግሊዝ ሲባል ትዝ የሚለኝ ከጣሊያን በኋላ ከተማችን ውስጥ የሰፈሩት ወታደሮች ናቸው፤ ቁምጣቸው በካውያ የተተኮሰ፣ ሻያቸው በወተት የነጣ። ንጉሥ ያላቸው፣ አውሮፕላን ያላቸው፣ ጣሊያንን ያስወጡ ሰዎች። እና መምህሩ የታሪክ መጽሐፉን ገልጦ፣ በእነዚያ ሰዎች አገር ልጆች ገና ሳይነጋ ጥጥ ፋብሪካ ገብተው ሲመሽ ይወጡ እንደነበር ነገረን። ትንንሾቹ የሚሽከረከረው ማሽን ሥር ገብተው የወደቀ ጥጥ ይለቅማሉ። ሌሎቹ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ በአራት እግራቸው እየዳሁ ጋሪ ይጎትታሉ። የጭስ ማውጫ ውስጥ ገብተው ጥላሸት የሚጠርጉም ነበሩ። ጆሮዬን አላመንኩም። ጨርቅ አውቃለሁ፣ ፋብሪካ አውቃለሁ፤ እንግሊዝም እንደ እኛ በሳይረን ይነሳ እንደነበር ግን ማን ነግሮኝ!

ይሁን። የባሰ የገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሰው ሲናገር ሲናገር፣ ነገሩ ፓርላማ ገባ አለ መምህሩ። የፓርላማ ሰዎች ወንበር ይዘው ተቀመጡና ፋብሪካ ውስጥ ያደጉ ወጣቶችን አስቀርበው ጠየቋቸው። አንዲት ምስኪን ፈታይ ጌቶቹ ፊት ቆማ፣ ስንት ሰዓት ትነሺ ነበር፣ ምግብሽን የት ትበዪ ነበር፣ ስታረፍጂ ምን ያደርጉሽ ነበር ተባለች። የመለሰችውን ጸሐፊው ቃል በቃል ጻፈው።

እኔ የማውቀው ድሃ ሲጮህ እንጂ ሲጠየቅ አይደለም። ጃንሆይ በባቡር ሲመጡ ለገሃር አካባቢ ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፎ «አቤት! አቤት!» ሲል አይቻለሁ። እድል የቀናው ወረቀቱን ይቀበሉታል። ጠያቂ ከወንበሩ ሆኖ «እስቲ አንቺ ንገሪን፣ ቀንሽ እንዴት ይውላል?» ሲል ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እጄ ላይ ያለው ብዕር ቆመ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲሉ እሰማለሁ፤ እዚህ ደግሞ ተናግራ ሕግ ያስወጣች ፈታይ ነበረች።

በአንድ ቀን አልሆነም። መጀመሪያ ትንንሾቹ እንዳይሠሩ ተከለከለ፤ ይህን የሚያይ ተቆጣጣሪ ተላከ። ብዙ ቆይቶ ሴቶችና ወጣቶች በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ሕግ ወጣ። ደግሞ ሠራተኛው ራሱ ይምረጥ፣ ራሱ ፓርላማ ይግባ ብለው ሰዎች በሸክም የማይቻል አቤቱታ ፈርመው ወሰዱ፤ ፓርላማው አልቀበልም አላቸው። የጠየቁት ግን ዓመታት አልፈው፣ ግማሾቹ ከሞቱ በኋላ፣ አንድ በአንድ ሕግ ሆነ። መምህሩ ይህን ሲናገር ዓይኑ ያበራል። ከዚያ ደግሞ ፊቱ ይጠቁርና፣ «እነዚያው ፋብሪካዎች የአያቴን የእጅ ሽመና ከገበያ አጠፉት። ለራሳቸው ልጆች ያወጡትን ሕግ ለእኛ አላወጡልንም። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም ጻፉ» ይለናል። ሁለቱንም ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መቼም ወሬ ሆዴ አያድርም። ማሽን ሥር ስለሚገቡት ልጆች ስናገር እጆች ሁሉ ጨርቁ ላይ ቆሙ። ወሬው ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ ሶማልኛ ሲዞር አየዋለሁ፤ የደረሰበት ፊት ይለወጣል።

«እነዚያ ከተማችን ሰፍረው ብስኩት የሰጡኝ ወታደሮች?» አለች አዴ። «ልጆቻቸውን?»

«አዎ፣ እነሱው።»

«ያ ረቢ! እኛን ነፃ ሊያወጡ መጥተው!»

የሻይ ሰዓት ሲደርስ አዴ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና መዳፎቿን ዘረጋች። ሁላችንም ዘረጋን። አላህ ከማሽኑ ሥር እንዲያወጣቸው፣ የአለቆቻቸውን ልብ እንዲያራራ ለመነች። እስላሞቹ «አሚን»፣ ክርስቲያኖቹ «አሜን» አልን፤ ድሬ ላይ ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ዱአው የሻይ ሰዓት ልማድ ሆነ። እኔም በየጠዋቱ ከትናንት የቀጠለውን እነግራለሁ፤ እነሱም በየቀኑ ለልጆቹ ይለምናሉ። አባዮ መስኮቱን እያየች፣ ከሁሉም ጮክ ብላ «አሚን» ትላለች።

አንድ ጠዋት ነጠላዬን ገና ሳላወልቅ አባዮ ክንዴን ያዘችኝ።

«አባዮ፣ ልጆች ወጣ?»

«የትኞቹ ልጆች?»

«እንግሊዝ ልጆች። ትናንት ወጣ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ታሪክ መሆኑን የነገርኳቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ እነሱ የራዲዮ ወሬ ብለው ነው የያዙት። ያን ሁሉ ጊዜ የለመኑት፣ እንግሊዝ አገር ዛሬ ጠዋት ለተነሱ ልጆች ነው። ሴቶቹን ሰብስቤ፣ ነገሩ መቶ ዓመት እንዳለፈው፣ ልጆቹም አድገው፣ አርጅተው፣ ሞተው አፈር እንደሆኑ ነገርኳቸው። አንዷ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ሳቅ እየመጣብኝ ነበር፤ የሚስቅ ሰው ጠፋ እንጂ።

አዴ ጣቃውን መዘርጋቷን አላቆመችም። «ሕጉ ወጣ አላልሽም?» አለችኝ።

«ወጣ።»

«ልጆቹ ከማሽኑ ሥር ወጡ አላልሽም?»

«ወጡ፣ አዴ። ግን ድሮ ነው የወጡት።»

«እና በምን የወጡ መሰለሽ?» ቀና ብላ አየችኝ። «አላህ ዘንድ ትናንት የለ፣ ነገ የለ። ድሬ ዳዋ ላይ ሴቶች ቆመው እንደሚለምኑት ያውቃል። አውቆ ቀድሞ ሰጣቸው።»

ሳቄን ተውኩት። መምህሩ ሕጉ የወጣባቸውን ምክንያቶች ሰሌዳው ላይ ጽፎልን ነበር፤ የተናጋሪዎቹ ብርታት፣ የጋዜጣው ጩኸት፣ የፓርላማው ክርክር። አንድ ምክንያት ቀርቶበት ነበር ማለት ነው። እስከ ዛሬ ይህን የሚያፈርስ ክርክር አላገኘሁም፤ ብዙም አልፈለግሁም።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ልጁ ከግንቡ ወዲያ አለቀሰ። አባዮ የያዘችው ጣቃ ላይ ወተት ነጠበ፤ ካቦው ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ምንም አልተቆጣም። ጣቃውን አንስቶ በብብቱ ያዘና «ነገ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ያያታል» ብሎ ወጣ። ሊያባርሯት እንደሆነ ሁላችንም ገባን። አባዮ አላለቀሰችም፤ ባዶ ጠረጴዛውን በእጇ ትጠርግ ጀመር፣ ምንም የሌለበትን።

«መቶ ዓመት ወደ ኋላ የደረሰ ዱአ» አለች አዴ፣ «አንድ በር መክፈት ያቅተዋል?»

ማንም ሥራ እናቁም አላለም። ያ ቃል ያን ጊዜ ሰው የሚያሳስር ቃል ነው። አዴ ያለችው፣ ነገ ዱአውን ሻይ ሰዓት ላይ ሳይሆን ጠዋት፣ በሩ ላይ እናድርገው ብቻ ነው። ዱአ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያስነሳ ደግሞ ድሬ ላይ አልተወለደም።

በማግስቱ ከዋናው በር ፊት ለፊት፣ አሸዋው ላይ ተቀመጥን። ሳይረኑ ጮኸ። አዴ መዳፏን ዘርግታ ቀጠለች። ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ላሉት ለመነች፤ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ላሉት ለመነች፤ ጭስ ማውጫ ውስጥ የገቡትን አልረሳችም። እኔ ያስተማርኩትን አንድም ሳታስቀር በተራ እየጠራች ለመነች፤ ደብተሬ ላይ እንኳ እንደዚያ ተስተካክሎ አልተጻፈም። ከሽመና ክፍል የሚመጡት ሴቶችም ነገሩን ሳያውቁት «አሚን» እያሉ ከኋላችን ተቀመጡ። ዘበኛው ጠመንጃውን ግንቡ ላይ አስደግፎ መዳፉን ዘረጋ። ካቦው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መሐላችን ለመግባት ግን አልደፈረም።

የሥራ አስኪያጁ መኪና መጥታ ቆመች። ድሬ የተወለደ ግሪክ ነው፤ እንደ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» እንለዋለን፣ አማርኛው ግን ከእኛው አይለይም። ባርኔጣውን እንዳደረገ ወርዶ ካቦውን ጠራው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዱአ ነው፣ ሙሴ።»

«ለማን?»

«ለእንግሊዝ ልጆች።»

«አቦ! ምን ሆኑ?»

ካቦው በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «ያቺ ተማሪዋ ነች ወሬውን ያመጣችው።»

ተነሳሁ። እግዜር ይስጠው፣ ሰውየው አላቋረጠኝም። ስለ ፋብሪካዎቹ ነገርኩት፤ ስለ ሕጉ ነገርኩት። እሱ ደግሞ በፊቱ «እና እኔን ምን አገባኝ?» እያለ ነው የሚሰማኝ። የምለው አለቀብኝ። የቀረኝ ያ ብዕሬን ያቆመው ነገር ብቻ ነበር።

«እዚያ ጠየቋቸው፣ ሙሴ» አልኩት።

«ምን ብለው?»

«ቀንሽ እንዴት ይውላል ብለው። የምትሠራዋን ራሷን ጠየቋት።»

አዴ ይህን ስትሰማ እጇን አባዮ ጀርባ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። ሥራ አስኪያጁ ካቦውን አየ፤ ከዚያ በካቦው ብብት ያለውን ጣቃ አየ። ቢጫው ክብ ከላይ ይታያል።

«ያንቺ ነው?» አላት። ቀጥሎ ምን እንደሚል ሁላችንም እየጠበቅን ነበር። ነጠላዋ ላይ ያለውን የወተት ምልክት አየና፣ «ልጁን መቼ ነው የምታጠቢው?» አላት።

ጠየቃት። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ያ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነገር፣ ባሕር ተሻግሮ፣ መቶ ዓመት ተሻግሮ፣ ድሬ ዳዋ አሸዋ ላይ ቆመ።

አባዮ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ደግማ ከፈተች። ከዚያ በሶማልኛ ጀመረች፣ አልቆመችም። ሶማልኛ የሚሰሙት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ስትጨርስ አዴ በአማርኛ መለሰችው፤ የእሷም ድምፅ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ልጄ ከግንቡ ወዲያ ሲያለቅስ ወተቴ ይመጣል ነው የምትለው። ጨርቁ ላይ ይፈሳል። እኔ እስካሁን ያጠባሁት ጨርቃችሁን ነው፣ ልጄን አይደለም ትላለች።»

ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣውን አወለቀ። ጣቃውን ከካቦው ተቀበለና ያንን ቢጫ ክብ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞሮ፣ ረፋድ ላይ የጎኑ ትንሽ በር እንዲከፈትላት፣ ለሚያጠቡ ሁሉ እንዲከፈት አዘዘ። ሕግ አልወጣም፣ ጸሐፊም አልጻፈውም። ከግንቡ የጎደለው አንዲት ጎንበስ ተብሎ የሚወጣባት በር ብቻ ናት። አዴ መዳፏን ፊቷ ላይ አሳርፋ «አሚን» ብላ ተነሳች፣ አሸዋዋን አራገፈች፣ ወደ ሥራችን ገባን።

ለመምህሩ በዚያው ቀን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገው።

«ይህን ትምህርት ዕድሜዬን ሁሉ አስተምሬያለሁ» አለ። «ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ብለው ነው። ልጆቹ ወጡ ወይ ያለኝ የለም።»

ከዚያ በኋላ ረፋድ ላይ ትንሿ በር ስትከፈት፣ ሥራ ያልያዘኝ ቀን ከአባዮ ጋር እወጣ ነበር። አማቷ ልጁን ታቀብላታለች፤ እሷ ግንቡን ተደግፋ ትቀመጣለች። ልጁ ጉንጩ እየሞላ፣ ሲጠባ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ የሚልበት ጎረምሳ ሆኗል። አንድ ቀን እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«አባዮ፣ ያቺ እንግሊዝ ልጅ፣ የጠየቋት። ያን ጊዜ ፈርታ ነበር?»

መጽሐፉን በሐሳቤ ገለጥኩት። ስንት ሰዓት እንደምትነሳ አለ፤ የት እንደምትበላ አለ።

«መጽሐፉ አይልም» አልኳት።

«ፈርታ ነበር» አለች አባዮ። «እኔ አውቃለሁ።» ልጁን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው።